የጎማው ድንጋይ

አብዱልሐሊም አሮጌዋን የጭነት መኪና ወልድያ ለጭስ ምርመራ ሲያቀርባት ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለቴ ጥቁር ጭሷን እያንቦለቦለች ወድቃለች። ካርቡሬተሯን ቢያጥብ፣ ቢያጠብቅ አልሆነለትም። ጠባይዋን የሚያውቀው ኢዘዲን ብቻ ነበር። ከስር ተኝቶ ድምጿን ያዳምጥና ሻንሲውን በመፍቻ ሁለቴ ሲመታ፣ አብዱልሐሊም ቤንዚን ይረግጣል። መኪናዋ የሁለቱ ነበረች።

አምና ውርጌሳ ዳገት ላይ ኢዘዲን እንደልማዱ ከስር ተኝቶ ሳለ ተንሸራተተችበት። ከጎማዋ ኋላ የነበረውን ድንጋይ አብዱልሐሊም በገዛ እጁ እንዳነሣው ማንም አላየም። ጀናዛውን ለመሸከም ቀድሞ የተሰለፈውም እሱ ነው።

የምርመራው ግቢ ዘቅዘቅ ያለ ስለሆነ መኪናዋን ድንጋይ አስደግፎ መሪው ላይ ተቀመጠ። መርማሪዋ ዳናይት የመለኪያውን ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተተች። ጭሱ ጠቆረ።

ያኔ ከስር ሁለቴ ኳ፣ ኳ አለ። እግሩ ሳያስበው ቤንዚኑን ረገጠ። የሞተሩ ድምፅ ጠራ፤ ጭሱም ጠፋ።

«አልፈዋል» አለች ዳናይት ወረቀቱን በመስኮት እያቀበለችው። «መካኒክዎ ጎበዝ ነው።»

«ወላሂ፣ መካኒክ ይዤ አልመጣሁም።»

ዳናይት ጎንበስ ብላ ከስር አየችና ቀና አለች።

«እየጠራዎት ነው እኮ። አሁን ተራው የአብዱልሐሊም ነው፣ ወርዶ ይግባ፤ ድንጋዩን እኔ ይዤዋለሁ ይላል።»