የባለቤቴ መኪና ፍጥነት

የፊዚክስ መምህርቷ፣ ፍጥነት ማለት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል መሆኑን ለማስረዳት የመጽሐፉን «መኪና ሀ» ትታ የባሏን መኪና አመጣች።

«ባለቤቴ ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ‹ከአዳማ ልነሳ ነው› ብሎ ደወለልኝ። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ነው። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እዚህ አዲስ አበባ ቤታችን ገባ። በምን ያህል ፍጥነት ነዳ?»

«በሰዓት ሁለት መቶ!» አለች ሶልያና። ተማሪው በሳቅ አውካካ።

«ኧረ ቲቸር፣ ርቀቱ ነው ውሸቱ!» አለ ኪሩቤል። «ግን የኛ ሰው ሳይነሳ ‹ደረስኩ› ይላል እንጂ፣ እዚሁ ሆኖ ‹ሩቅ ነኝ› የሚል አይቼ አላውቅም።»

መምህርቷ አልሳቀችም። ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን መቶ በመዳፏ ጠረገችው።

«እሺ፣ ርቀቱን አናውቀውም እንበል። በዚያ ሰዓት የከተማው መንገድ በሰዓት ከሃያ በላይ አያስነዳም።»

«ሃያ በግማሽ ሰዓት ሲባዛ... አሥር ኪሎ ሜትር!» አለች ሶልያና።

መምህርቷ አሥር ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

ብቻዋን የምትኖረው ታናሽ እህቷ «አንቺ ሴትዮ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሩቅ ሆኖብሽ ነው የማትጠይቂኝ?» እያለች ሁልጊዜ ትወቅሳት ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን መውቀሷን ትታለች።