የድንበሩ ጥያቄ

ባለፈው መስቀል፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ታናሽ ወንድሜ ላምቤቦ «አንተ ፊደል እንኳ በቅጡ ያልቆጠርክ ሰው፣ ለማን ትተርፋለህ?» አለኝ። አልረሳሁትም።

አሁን ሚሲዮናዊ ሆኗል። ሥልጠናውን ነገ ጨርሶ ከነቤተሰቡ ቻድ ሊሄድ ነው። ሆሳዕና ከተማ ድረስ የመጣሁት ትንሿን ፌቨንን እንዲተውልኝ ልለምነው ነበር።

«ጋሼ፣ አሁን አታስጀምረኝ። ልምምዱ ይለቅና እንነጋገራለን» አለኝ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

አሠልጣኙ የድንበር ጠባቂ መስሎ ኮስተር ብሎ ቆሟል። ቤተሰቡ ሻንጣ ይዞ ተራ በተራ ይቀርባል። ትልቁ ልጅ ሲንተባተብ ሌሎቹ ሠልጣኞች ሳቁበት። የፌቨን ተራ ደረሰ።

«ስምሽ ማነው?»

«ፌቨን።»

«የአባትሽስ?»

ወደ እኔ ዞር አለች። የወንድሜ ሚስት በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«ላምቤቦ» አለች።

«ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለ አሠልጣኙ። ሁሉም «ሃሌ ሉያ!» ብለው አጨበጨቡላት። ወንድሜ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

እሷ ሻንጣዋን ጥላ ወደ እኔ ሮጠች። አንገቴን አቅፋ ጆሮዬ ሥር ተለጠፈች።

«አባዬ፣ ልክ እንዳስጠኑኝ አልኩ አይደል?»

እጆቿን ቀስ ብዬ ከአንገቴ ላይ አላቀቅኩ። ባርኔጣዬን አነሳሁና፣ ወንድሜን ሳልለምነው፣ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።