የጴንጤ ቀልድ አዋቂው

አባት ስለ ጴንጤዎች ሳይቀልዱ አይውሉም። ሚስታቸው «ብትጠላቸው ነው» ሲሏቸው፣ «ኧረ ለጨዋታ ነው!» ይላሉ።

አንድ እሁድ ልጃቸው ማህደር ጴንጤ እጮኛዋን ለምሳ ይዛ መጣች። አባት ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ ሦስት ቀልድ አከታተሉበት። ወጣቱ ከልቡ ሳቀና፣ «እኔም አንድ ልጨምር፣ ጋሼ?» አለ።

«ኦርቶዶክሱ በጾም ሥጋ ቤት ደጃፍ ቆሞ ጥብስ ያሸታል። ‹ምነው?› ቢሉት፣ ‹የሚጾመው አፌ ነው፤ አፍንጫዬ ጴንጤ ነው› አለ።»

እናት በሳቅ ፍርስ አሉ። አባት ግን የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሱ።

«በሃይማኖት ይቀለዳል እንዴ? ይህን ያስተማረህ ፓስተርህ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ጋሼ። የነገሩኝ ጎረቤታችን መምሬ ጥበቡ ናቸው፤ የእርስዎ የንስሐ አባት።»