የተወለወለው አዝራር

የሙዚየሙ ባለሙያ የናስ አዝራሩን ገልብጣ በማጉያ መነጽር ስታየው ፊቷ ቅጭም አለ። አዝራሩን ያመጣላት ጉድጓድ ቆፋሪ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። አዝራሩና አብረውት ከጓሮው የወጡት የእርሳስ አረሮች የጥንት ጦርነት ቅሪት መሆናቸው ከተረጋገጠ፣ ነገ ቤቱን ሊያፈርስ የሚመጣው ዶዘር ይቆማል፤ ካልሆነ ልጆቹን ይዞ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው።

«ጋሼ፣ ዕድሜውን የሚናገረው ጀርባው ላይ የነበረው ጽሑፍ ነው። ማን ነው እንዲህ ፈትጎ ያጠፋው?»

«እኔ ነኛ! በአሸዋና በአመድ። ቆሻሻ ተሸክሞ መጣ እንዳትሉኝ ብዬ።» አንድ ጊዜ በጭቃማ ጫማው ምክንያት ከቢሮ ደጅ እንደ ውሻ መልሰውት ነበር፤ ያቺ ነገር እስከ ዛሬ አንጀቱን ትበላዋለች።

ሴትዮዋ አንዱን አረር አነሳች። ዘመን ያለበሰው ነጭ ቅርፊት ተልጦ፣ ትናንት የተሠራ መስሏል። «ያልተነካ የቀረ የለም?»

«አለ! እቤት አንድ አዝራር አለ!» ስልኩን አወጣና ለሚስቱ ደወለ። ገና አፉን ሳይከፍት በሳቅ ቀደመችው፦

«አይዞህ አንተ፣ ያዘዝከኝን አሁን ጨረስኩ። እንደ መስታወት ፊትህን ታይበታለህ!»