ከስክሪኑ ጀርባ

ማሽኑ እንደገና «ድን» አለ።

ጋሽ ሰዲቅ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ድምፁን ያውቁታል። አሮጌው ኮምፒውተር እንዲህ እሚለው የሆነ ነገር ሲሰኩበት ነው። ጠዋት ልጅቱ ፎቶዎቹን ወደ አዲሱ ኮምፒውተር የምታሻግርበትን ዲስክ ስትሰካ አንድ ጊዜ ብሏል። አሁን ሁለተኛው ነው።

ፈይዛን አዩዋት። ስክሪኑን አያዩም፤ ወንበራቸውን ከስክሪኑ ጀርባ ያደረጉት ለዚሁ ነው። ከተቀመጡበት የሚታያቸው ፊቷና ማውዝ የያዘው ቀኝ እጇ ብቻ ነው። መነጽሯ ላይ ቀለማት ሲንቀሳቀሱ ዓይናቸውን ወደ እጇ ያወርዳሉ።

ፎቶ ቤታቸው ሥራ ላይ ሳለ፣ ሠርግ ሲጠሩ ወንዱን የሚያነሡት እሳቸው ነበሩ። ሻሽ ወርዶ፣ ፀጉር ተፈቶ የሚጨፈርበት የሴቶቹ ቤት ግን የሚስታቸው የቀመር ነበር። ካሜራውን ይዛ ብቻዋን ትገባለች፤ ራሷ አትማ፣ ራሷ አሽጋ ለየባለቤቱ ታደርሳለች። የቀረውን «የሴቶች» ብላ በሰየመችው ፎልደር አስቀምጣላቸው ሄደች። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ጋሽ ሰዲቅ ያን ፎልደር አንድም ቀን ከፍተውት አያውቁም። አንዲት ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ዞራ ትዳር ያፈረሰችበትን ቤት ያውቃሉ።

ኮምፒውተሩ እየደጋገመ መጥፋት ሲጀምር ከደሴ የመጣ ባለሙያ «አንድ ሰዓት ይበቃኛል» ብሏቸው ነበር። ወንድ ነው ብለው መለሱት። ሦስት ወር ቆይተው ገበያው ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላትን ፈይዛን ጠሩ። ሴት መሆኗ ጥሩ ነው፤ ግን ሴትም ብትሆን እጅ አላት።

«ሳትከፍቺው አይሻገርም?» ብለው ጠዋት ጠይቀዋት ነበር።

«የኮምፒውተሩ ዲስክ ታሟል ጋሼ። የተበላሸውን ካልለየሁ ሁሉም መንገድ ላይ ይቀራል» ብላቸዋለች።

«ምንድነው የሰካሽው?» አሉ አሁን።

«የቱን?»

«አሁን የጮኸውን።»

እጇ ማውዙ ላይ ቆመ። «ዲስኩ ተነቅሎ ነበር። መልሼ ሰካሁት፤ አብሽሩ።»

«ሲነቀልም ይጮኻል። አልጮኸም።»

ልትስቅ ሞከረች። «እርስዎን ፎቶ ቤት ያዋለ! ፖሊስ ጣቢያ ነበር ቦታዎ።»

«ግራ እጅሽን አሳዪኝ።»

ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ተንኳኳ። ማሽኑ ወረድ ያለ ድምፅ አሰማ። ፈይዛ ጥቁር ፍላሽ አውጥታ በመካከላቸው አስቀመጠች።

«ስንት ወሰድሽ?»

«አንድ።»

«ሌባ ሁሉ አንድ ነው እሚል።»

«ወላሂ አንድ!»

«ወላሂማ በገበያ ቀን ለአንካሳ በቅሎም ይማላል።»

«እንግዲያ ይምጡና ይዩ! መጥተው ይቁጠሩት!»

መጥቶ ማየት። ይህንንም አስባበት ይሆናል። አንዴ ካዩ እሳቸውም እንደሷ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይጠይቃል? ከወንበራቸው አልተነሡም።

«የማን ነው?»

«የእናቴ። የሺፋ።» መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። «የአክስቴ የሩፋይዳ ሠርግ ላይ ድቤ ስትመታ። ሌላ ፎቶ የላትም ጋሼ። መታወቂያዋ ላይ ያለው ታማ የተነሣችው ነው፤ እሷን አይመስልም።»

ሺፋን ያውቋታል። አምና ጀናዛዋን ሸኝተዋል።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅዎ ይሰጡኝ ነበር?»

«አልሰጥም።»

«ይኸው።»

ውሸት ሊሆን ይችላል። ሟች ተጠርታ አትመሰክር፤ እሳቸው ዞረው አያዩ። የልጅቱን ፊት እየጠበቁ ጠየቁ፦

«አጠገቧ ማን አለ?»

ፈይዛ ስክሪኑን አየች። «ማንም» ማለት ትችል ነበር፤ የሚጠብቁትም እሱን ነበር።

«የሌላ ሴት ትከሻ አለ» አለች። «ገላዋ ይታያል። ፀጉሯም፣ ከፊሉ።»

«የማን ናት?»

«አልነግርዎትም።»

«እኔን?»

«እርስዎንም።»

ጋሽ ሰዲቅ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁት የዋሉትን ፊት እንደ አዲስ አዩት።

«ቁረጪው» አሉ በመጨረሻ። «እናትሽ ብቻ ትቅር።»

«ከዚያስ?»

«በፍላሽ አይወጣም። በወረቀት። አንድ ወረቀት።» ፍላሹን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። «አማና ባለቤቱ ሲሞት ለወራሹ ነው እሚመለስ።»

ፕሪንተሩ ያለው በእሳቸው በኩል ነው። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ምልልሱን በጆሯቸው ተከታተሉ፤ አንድ ወረቀት ገባ፣ አንድ ወጣ። ቆመ።

ፈይዛ ልትነሣ ወንበሯን ገፋች።

«ተቀመጪ። ይህ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ነው እሚሰጥ።»

በሩን እያዩ በዳበሳ አገኙት። ገለበጡት። ነጭ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። ከእጃቸው ቀስ ብሎ ሲወጣ ተሰማቸው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማውዙ አልተንኳኳም።

«ቀጥዪ» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

ቀለሙ አልደረቀም ኖሯል። አውራ ጣታቸውን አዩት፤ ቀይ ነክቶታል። የቀሚሷ ይሁን፣ የእጇ እንሶስላ ይሁን፣ የድቤው ጌጥ ይሁን አያውቁም። መጥረጊያ ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ጣታቸውን ከሱ ራቅ አድርገው፣ ቀና አድርገው ያዙት።