እርድ የተቀቡ ጣቶች

በሆስፒታሉ በር ያለው ማሽን የሚያምነው ጣት ብቻ ነው፤ ጣቱ ላይ የሲጃራ ቢጫ ያለበት ሰው የሳንባ ካንሰር መድኃኒት ያገኛል። በአልታዬ አፍ ሲጃራ ዞሮ አያውቅም። ካንሰሩ ግን ሳንባዋ ላይ ጉብ ብሏል፤ እሷም ሦስት ጊዜ «ጤነኛ ነዎት፣ ቀጣይ!» ተብላ ተመልሳለች።

ዛሬ ባሏ ደምሰው ጣቶቿን በእርድ ለቀለቀላት። ማሽኑ አሸተተ።

«ይሄ አልጫ ነው። ቀጣይ!»

አርባ ዓመት አጭሶ አንዴ እንኳ ያልሳለው ደምሰው በንዴት የራሱን ጣት ደነቀረበት። መድኃኒቱ ዱብ አለ። ለሚስቱ ሰጣት።

አልታዬ መድኃኒቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች፦ «ለአጫሾች ብቻ። የማያጨስ ሰው ካንሰር ሌላ ስለሆነ አይሠራለትም።»

«አየህ፣» አለች እርዱን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «በሽታዬንስ ያውቁታል። የማያውቁት እኔን ነው።»