በግራው ይሳቡ

እትዬ አስካለን ያንገበገባቸው ትንፋሹ እምቢ ማለቱ አልነበረም፤ አስተማሪዋ ልጅ በሰው ፊት «ፊደል ስላልቆጠሩ ነው፣ ቀስ ብለው ይለምዱታል» ማለቷ ነው። ፊደልና መተንፈስን ምን አገናኛቸው? ስድስት ልጅ ያማጡት በማን ትንፋሽ ሆነና!

ጤና ጣቢያው ደም ግፊት ያለበትን ሁሉ ሰብስቦ ዮጋ የሚሉትን አተነፋፈስ ማስተማር ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«እማማ፣ የቀኙን አፍንጫ በአውራ ጣትዎ ይዝጉና በግራው ይሳቡ። ልብን የሚያረጋጋው እሱ ነው።»

ዘጉ። ሳቡ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ቅንጣት አየር አልገባም። ከኋላ አንዷ ሳቀች።

«አሁንም አልገባዎትም» አለች ልጅቷ። «እስኪ ባለቤትዎን ይዩዋቸው፣ እንዴት እንደተረጋጉ!»

ጋሼ መኩሪያ አጠገባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በግራ እየሳቡ በቀኝ እየለቀቁ፣ ጻድቅ መስለው ተቀምጠዋል።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ።

«እኔስ ገብቶኛል ልጄ» አሉና ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንተ መኩሪያ! ዓይንህን ግለጥ። ይህን የግራ አፍንጫዬን በቡጢ ሰብረህ የደፈንከው ምን አጥፍቼ እንደሆነ፣ እስኪ ለመምህርትህ ንገራት።»